ከዱላ እስከ ማሽን፦ ምንጣፋችንን በምን ስናጸዳ ኖርን?

ኢስትሊ ውስጥ ምንጣፍ የምንሸጥ ሰዎች ጠዋት ማታ የምንጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይሄ ይታጠባል?» ደንበኛ ከነጋዴ የሚጣላው ሲገዛ ሳይሆን ካሳጠበ በኋላ ነው። ምንጣፉ ቀለሙ ለቆ ወይም ሸትቶ ይመለሳል፤ ጥፋቱ የሻጭ ይሁን የአጣቢ አይታወቅም። ጠቡን ለመቀነስ የማጽጃ መንገዶቹ ከየት እንደመጡ ማወቅ ይረዳናል።

በአገራችን ወለልና መደብ ላይ የሚነጠፈው አጎዛ፣ ጀንዲ፣ ሰሌን ነበር። መንዝ ደግሞ ከበግ ጸጉር ባናና ዝተት ይሠራል። እናቶቻችን እነዚህን ውሃ ውስጥ አይዘፈዝፉም ነበር፤ ወደ ደጅ አውጥተው ያራግፋሉ፣ በዱላ ይመታሉ፣ ፀሐይ ያስመታሉ። ይህ ከችግር የመጣ ዘዴ ብቻ አልነበረም። ቆዳ ረጥቦ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል። ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ጸጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠባል። አቧራ ደግሞ ደረቅ እያለ ነው በቀላሉ የሚለቀው።

ለልብስ ግን እንዶድ ነበረ። ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ ከውሃ ጋር ሲደባለቅ አረፋ ያወጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዚያን ለመከላከል ያደረጉት ምርምርም ከዚያ ተነሣ። ለእኛ ትምህርቱ ቀላል ነው፦ ሳሙና ታጥቦ ካልወጣ የሄደበት ቦታ ሥራውን ይቀጥላል። ምንጣፍ ውስጥ የቀረ ሳሙናም አዲስ ቆሻሻ ይስባል።

አውሮፓም ምንጣፍ በዱላ ይመታ ነበር። ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1901 አቧራን ከመበተን ይልቅ የሚስብ ማሽን ሠራ። ማሽኑ በፈረስ የሚጎተት ግዙፍ ነገር ስለነበር ደጅ ቆሞ ቱቦው በመስኮት ይገባ ነበር። በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ መጫኛ የዌስትሚንስተር አቢን ምንጣፍ ያጸዳው ይኸው ማሽን ነው።

ኢስትሊ የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ዛሬ የምናውቃት የገበያ ከተማ የሆነችው ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ነጋዴዎች የጋሪሳ ሎጅን መኝታ ክፍሎች ሱቅ ካደረጉ ወዲህ ነው። አሁን ሱቆቻችንን የሞላው የቱርክና የቻይና ምንጣፍ አብዛኛው ሱፍ ሳይሆን ፖሊፕሮፒሊን ነው። ይህ ክር ውሃ ስለማይጠጣ ላቫጆ ወስዶ በብሩሽ፣ በኦሞና በግፊት ውሃ ማሳጠቡን ይችለዋል። ጉዳቱ ከጀርባው ይመጣል። ጀርባው ጁት ከሆነ ውሃ ይይዛል፣ ይቡናል፣ ይሸታል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የናይሮቢ ዝናብ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም።

እንግዲህ እናወዳድር። ማራገፍና መምታት ርካሽ ነው፣ ውሃም አያስፈልገውም፤ የዘይትና የሻይ እድፍ ግን አያነሣም። አቧራ የሚስበው ማሽን ለሳምንታዊ ጽዳት ይበቃል። ውሃ ረጭቶ መልሶ የሚመጥ ማሽን እድፍንም ሳሙናንም ያወጣል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል። ላቫጆ ለሰው ሠራሽ ክር እንጂ ለሱፍ አይሆንም። ሱፍ ላይ በረኪና፣ እዚህ ጂክ የምንለው፣ በጭራሽ አይጨመርም፤ ክሩን ይበላዋል።

የማታውቁት ምንጣፍ ሲገጥማችሁ ከጠርዙ አንድ ክር ነቅላችሁ፣ ከምንጣፉ ራቅ አድርጋችሁ ለኩሱት። የተቃጠለ ጸጉር ሸትቶ አመድ ከሆነ ሱፍ ነው፤ ቀልጦ እንደ ዶቃ ከጠጠረ ሰው ሠራሽ ነው።

እኛ ነጋዴዎችም የክሩንና የጀርባውን ዓይነት ደረሰኝ ላይ እንጻፍ። ዕቃው ሞያሌን አልፎ አዲስ አበባ ቢገባም ገዢው በምን እንደሚያጸዳው ያውቃል፤ እኛም ከደንበኛችን ጋር አንጣላም።