ሸራና ቁልቁለት፦ የፍሬን ጥገና በወልድያ መንገድ

የፍሬን ጥገና ሙያ በወልድያና በአካባቢዋ ከመንገዱ ታሪክ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በመርሳ በኩል ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና፣ በቻይና ድጋፍ ተሠርቶ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ከሚባለው የወረታ መስመር ጋር የሚገናኘው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ ከጋሸና ደጋ በድልብ በኩል ወደ ወልድያ የሚወርደው ቁልቁለት ለማንኛውም ተሽከርካሪ ፍሬን ከባድ ፈተና ነው።

የሙያው ቃላት ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ። «ካምቢዮ» እና «ፍሪሲዮን» ከጣሊያንኛ የተወረሱ ሲሆኑ፣ ጎማውን በሰበቃ የሚያቆመው ክፍል ግን «የፍሬን ሸራ» ይባላል፤ ስያሜውም ከነገሩ አጀማመር ጋር ይገጥማል፤ እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ የሠራቸው የፍሬን ልባሶች ሙጫ መሰል ነገር የጠጣ የጥጥ ሽመና ነበሩና። ጥጡ ሙቀት ስለማይችል፣ አስቤስቶስ የተባለው እሳት የማይበላው የማዕድን ጭረት እ.ኤ.አ. በ1908 በቦታው ተተካ።

በቆየ ሞተር ሳይክል ላይ ሸራው በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ በተሠሩ ሁለት ብረቶች ላይ ተለብጦ፣ ታምቡር በሚባለው ክብ የብረት ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ፍሬኑ ሲያዝ ብረቶቹ ተከፍተው ሸራውን ከታምቡሩ ግድግዳ ጋር ያጣብቁታል። ሸራው ሲያልቅ ጠጋኙ የያዙትን ሪቬቶች፣ ማለትም ራሳቸው ተቀጥቅጦ የሚጠብቁትን ለስላሳ ምስማሮች፣ ነቅሎ አዲስ ሸራ ይገጥማል፤ ላዩ በሙቀት ያብለጨለጨውን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። የሪቬቶቹ ራስ ከሸራው በታች ጠልቆ መቀመጥ አለበት፤ ብቅ ካለ ታምቡሩን እያረሰ ጎድጓዳ መስመር ያወጣበታልና።

ይህ ሥራ ግን የጤና ዋጋ ነበረው። ከአሮጌ ሸራ የሚወጣው የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳና ካንሰር ስለሚያስከትል የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አስቤስቶስን አገደ፤ ስለዚህም ታምቡርን በትንፋሽ ወይም በነፋስ ግፊት ማራገፍ ቀርቶ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል።

ሸራ የሚሠራው እንዲያልቅ ነው፤ ታምቡሩን ለማዳን ራሱ ያልቃል። የጠጋኙ ክብርም የሚገኘው ከዚህ ዕውቀት ነው፤ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ከመነካካቱ በፊት የሚቀይረው ሰው ያተረፈው ታምቡሩን ብቻ ሳይሆን፣ የድልብን ቁልቁለት የሚወርደውን ሰው ሕይወት ጭምር ነው።