«ጨጓራዬ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ሕመም፦ የጨጓራ ካንሰር በወጣትነት ዕድሜ

እኛ ሀገር «ጨጓራ» የአካል ክፍል ስም ብቻ ሳይሆን የበሽታም ስም ነው። ያቃጠለው፣ ያገሳው፣ ሆዱን የነፋው፣ በባዶ ሆዱ ቡና ጠጥቶ የታመመው ሁሉ «ጨጓራ አለብኝ» ይላል። ከዚያ ፋርማሲ ጎራ ብሎ ኦሜፕራዞል ይገዛል፣ ወይ ቤት ውስጥ ተልባ ይበጠበጥለታል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እውነትም ቀላል ነው፣ ያልፋል። ዛሬ የምናወራው ስለማያልፈው ነው።

መጀመሪያ እንዳትደነግጡ። በ25 ዓመታችሁ ሆዳችሁን ስላቃጠላችሁ ካንሰር ይሆናል ማለት አይደለም፤ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ወደ 970 ሺህ ሰዎች የጨጓራ ካንሰር እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል፣ 660 ሺህ የሚሆኑ ደግሞ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። የወጣቶቹ ችግር ቁጥራቸው መብዛቱ ሳይሆን ማንም ስለማይጠረጥራቸው ዘግይተው መገኘታቸው ነው። ታማሚው ራሱ አይጠረጥርም፣ ቤተሰብም አይጠረጥርም፣ አንዳንዴ ሐኪሙም እንደዛው።

የኮሪያን ነገር እንንገራችሁ። ደቡብ ኮሪያ የጨጓራ ካንሰር በብዛት ከሚታይባቸው ሀገሮች አንዷ ስለሆነች መንግሥት ዕድሜው 40 የሞላውን ሰው ሁሉ በየ2 ዓመቱ ያስመረምራል። ሊም ዩን-ቴክ የሚባል ድምፃዊ ነበር፣ የ«ኡላላ ሴሽን» ቡድን መሪ። እ.ኤ.አ. በ2011 ቡድኑ «ሱፐርስታር ኬ» የተባለውን የዘፈን ውድድር ሲያሸንፍ እሱ የጨጓራ ካንሰር ታማሚ ነበር። በ2013 በ32 ዓመቱ አረፈ። እንግዲህ አስቡት፣ እንደዚያ ተደራጅቶ በሚመረምር ሀገር እንኳ የ30 ዓመት ሰው ከምርመራው ዕድሜ ውጭ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ለማንም ዕድሜ እንዲህ ያለ መደበኛ ምርመራ የለም። ስለዚህ ምልክቱን ራስ ማወቅ የግድ ነው።

የወጣቱ ካንሰር በምን ይለያል?

በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ በብዛት የሚታየው እብጠት ወይም ቁስል ሆኖ የሚወጣው ዓይነት ነው፣ ካሜራ በቀላሉ ያየዋል። በወጣቶች ላይ በርከት የሚለው ግን ተሰራጭቶ የሚያድገው ዓይነት ነው። ሕዋሶቹ አንድ ቦታ አይከመሩም፣ በጨጓራው ግድግዳ ውስጥ ለውስጥ ይበተናሉ። ግድግዳው እየደነደነ ይሄድና ጨጓራው እንደ ልቡ መለጠጥ ያቅተዋል። ሁለት ሦስት ጉርሻ በልቶ «ጠገብኩ» ማለት የሚመጣው ከዚህ ነው። ላዩ ደህና መስሎ ሊታይ ስለሚችልም ሐኪሙ ከተለያየ ቦታ ናሙና መውሰድ አለበት። ማዮ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት በአሜሪካ ከጨጓራ ካንሰር ታማሚዎች ከ30 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከ60 ዓመት በታች መሆናቸውን፣ የእነሱም ካንሰር ቶሎ እንደሚያድግና ለኬሞ አስቸጋሪ እንደሆነ አሳይቷል።

ቶሎ መገኘቱ ምን ይለውጣል ለምትሉ፦ በአሜሪካ መረጃ መሠረት ካንሰሩ ከጨጓራ ሳይወጣ ከተደረሰበት ከ10 ሰው 7ቱ ያህል 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ወደ ሌላ አካል ርቆ ከተሰራጨ በኋላ ግን ከ10 ሰው አንድ አይሞላም።

ባክቴሪያዋ

ኤች ፓይሎሪን የማያውቅ የለም፣ «የጨጓራ ባክቴሪያ» የምንላት ናት። በልጅነት ትገባና ካልታከመች ዕድሜ ልክ ትቆያለች። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 የጨጓራ ሕመም የምታመጣው እሷ መሆኗን ለማሳየት ራሱ ጠጣት፣ ታመመም። እሱና ሮቢን ዋረን በ2005 ኖቤል ተሸለሙበት። ስለዚህ በርበሬን ብቻ መውቀሱ ይብቃ፤ በርበሬ የታመመን ጨጓራ ሊያቃጥል ይችላል፣ የአብዛኛው የጨጓራ ቁስለት መንስኤ ግን ይቺ ባክቴሪያና እንደ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ኤች ፓይሎሪን ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቧታል። ይህ ሲባል የያዘችው ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም፤ ከ100 ሰው ከ1 እስከ 3 ቢሆን ነው። ሲጋራ፣ መጠጥና ጨው የበዛበት ምግብ ሲጨመሩ አደጋው ከፍ ይላል።

መድኃኒቷ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ከአሲድ መቀነሻ ጋር ሆኖ እስከ 14 ቀን ይወሰዳል። በ5ኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ማቆም ባክቴሪያዋን መድኃኒት ማስለመድ ነው። ከጨረሳችሁ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ በሰገራ ምርመራ መጥፋቷን አረጋግጡ። የደም ምርመራው ለዚህ አይሆንም፣ ከዳናችሁ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። ከሰገራ ምርመራው በፊት ደግሞ ኦሜፕራዞል ለ2 ሳምንት መቆም አለበት፣ ያለዚያ ኖራ እያለ «የለም» ሊል ይችላል።

ኦሜፕራዞል ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ መጥፎ አይደለም። ግን አሲድ ስለሚቀንስ ካንሰር ያለበትን ሰው ሕመም እንኳ ሊያስታግስ ይችላል፣ ቁስሉም ከላይ የዳነ ሊመስል ይችላል። «ስወስድ ይሻለኛል፣ ስለዚህ ተራ ጨጓራ ነው» የሚለው ሒሳብ አይሠራም። በየወሩ ፋርማሲ እየተመላለሳችሁ የምትገዙ ከሆነ ቀጣዩ መሄጃ ሐኪም ቤት ነው።

ምልክቶቹ

ሳያስቡት ኪሎ መቀነስ። (ጾም ላይ ስለሆንኩ ነው ብላችሁ ከሆነ፣ ከፍስክ በኋላም መመለሱን እዩ።) ትንሽ በልቶ መጥገብ። የሚደጋገም ማስታወክ። ምግብ ሲዋጥ ጉሮሮ ወይም ደረት ላይ መቆም። ደም ማስታወክ፣ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ። የብረት ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፣ እየወሰዳችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ሌላው ብዙ የማይጠረጠረው ደም ማነስ ነው፤ በተለይ ወንድ ሆኖ ያለ ምክንያት የብረት እጥረት ደም ማነስ ከተገኘበት ብረት ክኒን ብቻ ተሰጥቶት ሊሸኝ አይገባም፣ ደሙ የት እየፈሰሰ እንደሆነ ይፈለግ።

እነዚህ ከሌሉ ሐኪሙ መጀመሪያ ሰገራ አስመርምሮ መድኃኒት ቢሞክር ትክክል ነው። ካሉ ግን ዕድሜ ሳይታይ «ኢንዶስኮፒ አያስፈልገኝም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነገርየው በአፍ የሚገባ ቀጭን የካሜራ ቱቦ ነው። 6 ሰዓት ገደማ ሳይበላ ይቆያል፣ ጉሮሮ ይደነዝዛል፣ ምርመራው ራሱ ብዙውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይዘልም። ደስ አይልም፣ ያስገሳል፣ ግን ይቻላል። ናሙና ከተወሰደ ውጤቱን ሳትቀበሉ አትቅሩ።

በዘር ይመጣል?

አብዛኛው አይመጣም፣ ጥቂቱ ግን አዎ። እ.ኤ.አ. በ1998 ኒውዚላንድ ውስጥ ብዙ አባላቱን በጨጓራ ካንሰር ያጣ አንድ የማኦሪ ቤተሰብ ከተመራማሪዎች ጋር ሠርቶ ሲዲኤች 1 በተባለ ጂን ላይ ያለ ስህተት ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ታወቀ። ይህ ጂን ያለባቸው ወጣቶች ሳይታመሙ ጨጓራቸውን በሙሉ እንዲያስወጡ ይመከራሉ። ያለ ጨጓራ ይኖራል እንዴ? ይኖራል። የምግብ ቧንቧው ከትንሹ አንጀት ጋር ይገናኛል፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይበላል፣ ቫይታሚን ቢ 12 ዕድሜ ልክ ይወሰዳል።

እኛ ጋ አስቸጋሪው የዘር ታሪኩን ማወቁ ነው። አያት በምን ሞቱ ሲባል መልሱ «ሆዳቸውን ታመው» ነው። እስኪ እናንተም እቤት ጠይቁ፦ ከመሞታቸው በፊት ከስተው ነበር? ምግብ አልወርድ ብሏቸው ነበር? ስንት ዓመታቸው ነበር? በተለይ ከ50 ዓመት በፊት ከሆነ፣ ወይም በአንድ ወገን ሁለት ሰው ካለ፣ ሐኪሙ ጋ ስትገቡ ከማቃጠሉ በፊት እሱን ተናገሩ።