ከሹሩባ እስከ «ፈረስ ጭራ»፦ ስለ መንዝ ፀጉር ጥቂት ታሪክ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ዐድዋም ስለ ዘመነ መሳፍንትም አይደለም፤ ስለ ፀጉር ነው። አትሳቁ። «ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ምን አገባው?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ በኋላ ትሰድቡኛላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ መስታወት ፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመች። ስልኳ ላይ አንዲት ልጅ ፀጉሯን ወደ ኋላ ልጥፍ አድርጋ ትሰበስብና ከኋላ እንደ ፈረስ ጭራ ዘርፈፍ አድርጋ ትለቀዋለች። የኔዋም እሷን ለመምሰል ትታገላለች። ውሃ ታስነካለች፣ ጄል ትቀባለች፣ በብሩሽ ትጎትታለች፣ በላስቲክ ታጠብቃለች፤ ትፈታዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ከፊት ለጥ ሲልላት ከኋላ ይቀጥናል፤ ከኋላ ሲሞላላት ከፊት ይነሳል። በመጨረሻ «አባባ፣ የኛ ፀጉር እኮ ለዚህ አልተፈጠረም» ብላ ቁጭ አለች።

እኔ ደግሞ ይቺን ነገር ሰምቼ ማለፍ አልችልም። ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ታሪኩ።

ከላይ ልጥፍ፣ ከኋላ ዝርግፍ ያለ ፀጉር ከስልክ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ሹሩባን አስቡት። ከግንባር ጀምሮ በመስመር በመስመር ከራስ ቆዳ ጋር ተጣብቆ ይጎነጎናል፤ ማጅራት ላይ ሲደርስ ጉንጉኑ ያበቃና ጫፉ ይለቀቃል። የተለቀቀው ጫፍ ተበጥሮ ማጅራቱ ላይ ይነፋል። ከፊት አንዲት ፀጉር አትነሳም፤ ከኋላ ግን ሙሉ ነው። በትግራይ አልባሶ የሚሉት ወፍራሙ ጉንጉንም ሆነ እኛ ቁጥርጥር የምንለው ቀጭኑ፣ ሐሳባቸው አንድ ነው። የስልኳ ልጅ ፀጉሯን በላስቲክ ያዘችው፣ የኛዎቹ ደግሞ በጉንጉን ያዙት። ልዩነቱ ይኸው ነው።

እኔ ያደግሁት አያቴ ጉልበት ሥር ነው። የሰፈሩ ልጃገረዶች ለጥምቀት ሲደርስ እሷ ዘንድ ይመጡ ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ፤ ሹሩባም እንደዚያው ነው። የምትሠራው ልጅ መሬት ትቀመጥና ጭንቅላቷን አያቴ ጭን ላይ ታደርጋለች። መሣሪያው ሚዶ፣ የጃርት ወስፌ፣ ለጋ ቅቤና ሻሽ ነው፤ ሌላ የለም። በወስፌዋ ጫፍ መስመሩን ስታወጣ እኔ ያኔ ማረስ የምታስተምር ይመስለኝ ነበር። ግማሽ ቀን ይፈጃል። በመሐል ቡና ይፈላል፣ ሰው ይታማል፣ ሙሽራ ይታጫል። ልጅቱ «አመመኝ» ካለች መልሱ አንድ ነው፦ «ቁንጅና እንዲህ ነው፣ ቻዪው!» (ይህን መልስ አስታውሱት፤ እመለስበታለሁ።)

ስለ አያቴ እጅ አንድ ነገር ልጨምር። መንዝ የበግ አገር ነው። ባናውም በርኖሱም ከበግ ፀጉር ይሠራል፤ ልብ በሉ፣ በአማርኛ የበጉም የሰውም ያው ፀጉር ነው የሚባለው። ክረምቱን በእንዝርት የበግ ፀጉር ስትፈትል የከረመች ሴት፣ የትኛው ፀጉር ሲጎትቱት እንደሚበጠስ፣ የትኛው እንደሚለመጥ ጣቷ ያውቀዋል። ለኔ ይህ ራሱ ሙያ ነው። ማንም ሰርተፍኬት አልሰጣትም እንጂ።

ቅቤውስ? ብዙ ሰው ለጌጥ ወይም ለሽታ ብቻ ይመስለዋል። የተጠቀለለ ፀጉር ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ እስከ ጫፉ ለመውረድ ይቸገራል፤ በእያንዳንዱ ጥቅልል ላይ እየተያዘ ይቀራል። ስለዚህ ጫፉ ደርቆ ይሰበራል። መሐል ሜዳ አካባቢ ደግሞ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ነፋሱ ደረቅ፣ ሌሊቱ ውርጭ፣ ውሃውም ሩቅ። በየቀኑ መታጠብ የማይታሰብ ነበር። ቅቤው ከላይ የቀረውን ወዝ ይተካል፣ ጉንጉኑ ፀጉሩን እንዳይተባተብ ይይዘዋል፣ ሻሹ ደግሞ ሁለቱንም ይጠብቃል። አቅም ያላት አደስ ታስገባበታለች። በጀማና በወንጭት ሸለቆ ቆላ ቅቤው ራሱ ቀልጦ አንገት ላይ ይወርዳል፤ እኛ ጋ ግን እሳት ዳር ካልተቀመጡ አናት ላይ እንደ ድንጋይ ቁጭ ይላል!

በ19ኛው መቶ ዘመን የመጡ አውሮፓውያን ይህን ሲያዩ አፍንጫቸውን መያዝ ይቀናቸው ነበር። አንድ እንግሊዛዊ ግን የተለየ ነበር፤ ማንስፊልድ ፓርኪንስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1843 መጥቶ ትግራይ ውስጥ ተቀመጠ፣ በባዶ እግሩ ሄደ፣ ፀጉሩን ተጎንጉኖ ቅቤ ተቀባ፤ በ1853 ባሳተመው መጽሐፍም ጻፈው። የተሠራ ፀጉር እንዳይበላሽ ትራስ ሳይሆን ብርኩማ ላይ አንገትን አስደግፎ መተኛት ግድ እንደሆነም የተረዳው በራሱ አንገት ነው። የዛሬ ልጆች የሐር ሻሽ ወይም የሐር ትራስ የሚሉት የዚያው የብርኩማ ሥራ ነው።

ፀጉር ያኔ መታወቂያም ነበር። ጋሜ ያለችው ልጅ ናት፤ ሳዱላዋ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ናት፤ ሙሉ ሹሩባ ያለችው ባለትዳር ናት። የተላጨች ካያችሁ ሐዘን አለባት፤ «ማን ሞተባት?» ብሎ መጠየቅ ነው እንጂ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። ለወንድ ልጅ ቁንጮ ይተውለታል። ዛሬ ጋዜጣው «የድርጅቱ ቁንጮ አመራር» ሲል እኔ በአፍንጫው ንፍጥ ያንጠለጠለ የመንዝ እረኛ ነው የሚታየኝ።

ሹሩባ የሴት ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስን አስታውሱ። በ1848 ዓ.ም. ሸዋን አስገብረው ልጅ ምኒልክን ይዘው የሄዱት ንጉሥ በየሥዕሉ ባለ ሹሩባ ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ እንግሊዞች ከዘረፉት ሁሉ መካከል ፀጉራቸው ይገኝበታል፤ ከራሳቸው ላይ ቆርጠው ወሰዱት። ሁለት ቁራጭ ለንደን ያለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም እጅ የገባው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ2019። የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ ፀጉርም በ2023 ለኢትዮጵያ ተመልሷል፤ አጽሙ ግን ዛሬም ዊንድዘር ነው። ፀጉር ተራ ነገር ቢሆን ኖሮ ማንም 150 ዓመት አያስቀምጠውም፣ ማንም አይጠይቀውም ነበር።

የአርበኞቹን ጎፈሬ ለብቻው ብጽፈው ይሻላል። ባጭሩ፦ ከ1928 እስከ 1933 ራስ አበበ አረጋይና ተከታዮቻቸው በመንዝ፣ በመርሐቤቴ፣ በተጉለት ሲዋጉ፣ ብዙዎቹ አገር ነፃ ሳይወጣ ፀጉሬን አልቆረጥም ብለው ምለው ነበር። ጠላት በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዘረት ዋሻ የተጠለለውን ሕዝብ፣ ሴቱንም ሕፃኑንም በመርዝ ጋዝ ሲፈጅ፣ በየቤቱ ያለችው ሴት ደግሞ ተላጨች። ወንዱ ፀጉሩን አሳደገ፣ ሴቷ ተላጨች፤ ሁለቱም ምክንያታቸው አንድ ነው። አያቴ ወንድሟን ካጣች በኋላ ስንት ዓመት ሳትሠራ እንደቆየች ስጠይቃት «ሻሼን አትንካ» ብላኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ሌላ ሆነ። ቢጎዲኑ መጣ፣ ካስኩ መጣ፣ ፔስትራው መጣ (ቃላቱ ራሳቸው ጣሊያንኛ ጣሊያንኛ ይሸታሉ)። የከተማ ሴት ፀጉሯን ተተኮሰች፤ ሹሩባ የባላገር፣ ቅቤ የድሃ ተባለ። እዚህ ላይ እኔ ተመልካች ብቻ አልነበርኩም።

አስተማሪ በሆንኩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ትምህርት ቤቱን አልጠራም። ጠዋት ሰልፍ ላይ ንጽሕና እንቆጣጠራለን፦ ጥፍር፣ አንገት፣ ፀጉር። ቅቤ ተቀብቶ መምጣት ክልክል ነበር። የጥምቀት ማግሥት አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ አዲስ ሹሩባ ተሠርታ መጣች። ቅቤው ገና አልጠጣም፤ ግንባሯ ላይ በፀሐዩ ያበራል። እንዴት አምሮባት እንደነበር ዛሬም ይታየኛል። ያኔ ግን የታየኝ ደንቡ ነው። «ይህ ትምህርት ቤት ነው፣ ሰርግ ቤት አይደለም፤ ሂጂና ታጥበሽ ነይ» አልኳት፣ በተማሪው ሁሉ ፊት። ሳቁባት። እኔም ፈገግ ብዬ ነበር፤ እውነቱን ልናገር።

ቤቷ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሹሩባ ፈትቶ፣ ቅቤ በሙቅ ውሃ አስለቅቆ፣ እንደገና መሠራት ስንት እንጨት፣ ስንት እንስራ ውሃ፣ የስንት ሰው ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ እኔ፣ አያቴ ጉልበት ሥር ያደግሁት ሰው፣ አጥቼው አይደለም። በአራተኛው ቀን ነጠላ ተከናንባ መጣች። ተላጭታለች። ክፍሉ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ማን ሞተባት ብሎ ጠየቀ። በሚቀጥለው ዓመት አልተመዘገበችም። በኔ ምክንያት ነው ብዬ ልናገር አልችልም፤ አይደለም ማለትም አልችልም።

እንግዲህ «የኛ ፀጉር ለዚህ አልተፈጠረም» የምትለዋ ቃል የምታመኝ ለዚህ ነው። እኔም ራሴ በሌላ ቋንቋ ብያታለሁና።

ግን ደግሞ የድሮው ሁሉ ወርቅ ነበር አልልም። አያቴ ሻሿን ስታወልቅ ከጆሮዋ በላይ፣ በሁለቱም በኩል ባዶ ነበር። እርጅና ይመስለን ነበር፤ አሁን ሳስበው «ቻዪው» ነው። ሐኪሞች ይህን በመጎተት የሚመጣ የፀጉር መመለጥ በጽሑፍ ያሰፈሩት እ.ኤ.አ. በ1907 ሲሆን፣ የታየውም ግሪንላንድ ውስጥ ፀጉራቸውን አጥብቀው ወደ ኋላ በሚያስሩ ሴቶች ላይ ነው። አያችሁ፣ በረዶ አገር ያለችውም የመንዟም ግንባሯ እኩል ይራቆታል። ሲጀምር ይመለሳል፤ ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ይሞታል። የልጅ ልጄን ግንባር በብርሃን አየሁት፤ ዳር ዳሩ ሳስቷል።

ስለዚህ እንደገና ሞከርን። እኔ የማውቀውን ከአያቴ፣ እሷ የምታውቀውን ከስልኳ። ጄሉን በትንሹ እርጥብ ፀጉር ላይ፤ ብሩሹን ሳትጎትት፤ ከዚያ ሻሽ ጠበቅ አድርጋ ግንባሯ ላይ አስራ ቡና እስኪፈላ ቆየች፤ ሻሹ ራሱ ያስተኛዋል። ለኋላው ሙላት ፀጉሩን ሁለት ቦታ ከፈለችው፦ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከሥሩ ለየብቻ በለስላሳ ጨርቅ አሰረች፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ሲወድቅ አንድ ወፍራም ጭራ ሆነ። ጫፉን በጣቷ ነፋ ነፋ አደረገችው። ፔስትራ አልነካውም፤ ዘይት ያለበት ፀጉር ላይ ብረት ማስጠጋት መጥበስ ነው። ማታ ትፈታዋለች፤ ተስማምተናል። «አባባ፣ አንተ እኮ ፀጉር ቤት መክፈት አለብህ» አለችኝ።

አሁን የመጨረሻዋ ለአንድ ሰው ናት። ስምሽን አልጠራሁም፣ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። የጥምቀት ማግሥት ነበር፣ 7ኛ ክፍል፣ ሁለተኛው ሰልፍ። ይህን ጽሑፍ አይተሽው ከሆነ ወይም ልጆችሽ አይተውት ካነበቡልሽ፣ ያን ቀን ሹሩባሽ አምሮብሽ ነበር። መናገር የነበረብኝ እሱን ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።