ስለ ሎጋሪዝምና ስለ ሎጂክ ስሞች ትርጓሜ አጭር ጥናት

ሎጋሪዝምና ሎጂክ የሚባሉት ስሞች ሁለቱም ከጽርዕ ቋንቋ «ሎጎስ» ከሚለው ቃል የተገኙ ናቸው። በዚህም ምክንያት ሎጋሪዝም «የቁጥር አመክንዮ» ነው ሲባል አንዳንድ ጊዜ እንሰማለን። ትርጓሜው ለጆሮ ያማረ ቢሆንም ከስሙ ታሪክ ጋር አይስማማም።

ሎጎስ ብዙ ትርጉም የተሸከመ ቃል ነው። የዮሐንስን ወንጌል ወደ ግዕዝ የመለሱት ሊቃውንት «ቃል» ብለውታል። ነገር ግን በዚያው በጽርዕ ቋንቋ ገንዘብ የተቀበለ ሰው የሚያቀርበው ሒሳብም ሎጎስ ይባል ነበር። ኤውክሊድስ በጂኦሜትሪ መጽሐፉ በአምስተኛው ክፍል ሎጎስ የሚለው ደግሞ የአንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት መጠኖችን ንጽጽር ነው፤ ይኸውም አንዱ የሌላው ስንት እጅ እንደሆነ ማለት ነው። ይህ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐሰበ ከሚለው ከአንድ ሥር ማሰብም ሒሳብም ይወጣሉ፤ ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰውም እዚያ ላይ «ሐሳብ» የዘመን ቁጥር እንጂ የልብ ሐሳብ እንዳልሆነ ያውቃል።

የእስኮትላንድ ሰው የሆነው የመርኪስተን ባላባት ጆን ኔፐር ሰንጠረዡን በላቲን ያሳተመው በ1614 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው። አስቀድሞ ቁጥሮቹን «ሰው ሠራሽ ቁጥሮች» ይላቸው ነበር፤ ይህ ስም ከሞተ በኋላ በ1619 በታተመው መጽሐፉ ይገኛል። ኋላ ግን ሎጎስን «አሪትሞስ»፣ ማለት ቁጥር፣ ከሚለው ጋር አጋጥሞ አዲስ ስም አወጣ። የዚህ ሎጎስ ትርጉም የኤውክሊድስ ንጽጽር ነው ብንል ሥራው ራሱ ይመሰክራል። 1፣ 10፣ 100፣ 1000 እያለ በእኩል ንጽጽር ለሚያድገው ቁጥር፣ 0፣ 1፣ 2፣ 3 እያለ በእኩል ልዩነት የሚያድግ ጓደኛ ይሰጠዋል፤ ይህም ጓደኛ የንጽጽሩን እርምጃ ይቈጥራል። በ10 ላይ የተመሠረተው ሰንጠረዥ ግን የሎንዶኑ መምህር የሄንሪ ብሪግስ ድካም ነው። ብሪግስ በ1615 ኔፐር ዘንድ ድረስ ሄዶ ከተመካከረ በኋላ፣ በ1624 የ30,000 ቁጥሮችን ሎጋሪዝም እስከ 14 የዐሥርዮሽ ቤት አውጥቶ አሳተመ። በሰንጠረዡ ውስጥ ከነጥቡ በኋላ ያለው ክፍል ማንቲሳ ይባላል፤ በላቲን በሚዛን ላይ የሚጨመር ትርፍ ማለት ነው፤ በገበያችን ቋንቋ ምርቃት ብንለው አንሳሳትም።

ወደ ሎጂክ ስንመለስ፣ አርስጣጣሊስ ራሱ ጥበቡን በዚህ ስም አልጠራውም፤ «አናሊቲካ» ይለው ነበር። ሆኖም የማስረጃውን መልክ «ሲሎጊስሞስ» ሲል፣ አብሮ ማስላት ከሚለው ግሥ መውሰዱ ነው። አመክንዮ የሚለው የእኛ ቃል የምክንያት ወንድም ነው፤ ምክንያት መስጠትን ያሳያል፤ የመቍጠር ጠረን ግን የለበትም። ስለዚህ ለሎጂክ ይስማማል፤ ለሎጋሪዝም አይሆንም። ለሎጋሪዝም የግድ የአማርኛ ስም ይውጣለት ከተባለ የንጽጽር ቁጥር ማለት ይቀርባል፤ እኛ ግን የውጭው ስም እንዳለ ቢቀመጥ እንመርጣለን።

ሎጎስን በተሳሳተው በር የገቡበት ቀድሞም ነበሩ። የ2 ካሬ ሥር ከ1 ጋር በሙሉ ቁጥሮች ንጽጽር ሊገለጽ ስለማይችል ጽርዓውያን እንዲህ ያለውን «አሎጎስ»፣ ንጽጽር የሌለው፣ ይሉት ነበር። አሎጎስ ንግግር የሌለውም ያሰኛልና፣ እንደሚታመነው ከዚህ የተነሣ በ9ኛው መቶ ዓመት አል-ኽዋሪዝሚ በዓረብኛ «ደንቆሮ» አለው። በ12ኛው መቶ ዓመት የክሬሞናው ጄራርድ ይህንኑ ወደ ላቲን መለሰው። እንግሊዞችም ከላቲኑ ወስደው እስከ ዛሬ ይህን ሥር «ሰርድ» ይሉታል፤ ደንቆሮ ማለት ነው።