ባሕር ዛፍና የከተማችን ዕድሜ

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ «ከተማ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር በሐሳባችን ይመጣል፤ በድንጋይ የታነጸ ሕንጻ፣ የተነጠፈ ጐዳና፣ መዝገብ የሞላበት መሥሪያ ቤት። በጥንቱ አነጋገር ግን ከተማ ማለት ንጉሡ ከነሠራዊቱ የሰፈረበት ቦታ ነበር። ሰፈሩ የተነሣ እንደ ሆነ ከተማውም አብሮ ይነሣል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጐንደርን እስኪቈረቍሩ ድረስ የነገሥታቱ መናገሻ ለብዙ ዘመን በአብዛኛው ድንኳን እንደ ነበረ የታወቀ ነው።

ለመነሣቱ ምክንያቱ ብዙ ነው። ዘመቻ አለ፤ የስንቅ ማለቅ አለ። እኛ አዘውትረን የማናስታውሰው ምክንያት ግን እንጨት ነው። ብዙ ሺሕ ሰው በአንድ ቦታ ሲሰፍር እንጀራው ይጋገራል፤ ጠላው ይጠመቃል፤ ለጎጆውም ምሰሶና ማገር ይቈረጣል። በረጅም ዘመን ያደገው ጥድና ወይራ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዐመድ ይሆናል። ማገዶ ለቃሚዋ ማልዳ ወጥታ ሲመሽ የምትመለስ ከሆነች፣ ያ ከተማ ዕድሜውን ጨርሷል ማለት ነው።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከፍልውሃው አጠገብ፣ ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሲሰይሙት ይህም መናገሻ እንደ ቀደሙት ያልፋል ብሎ የሚጠራጠር ሰው ቢኖር አይፈረድበትም ነበር። እንዲያውም ነገሩ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላ በዙሪያው የነበረው ጥድ ተመናመነ፤ ግንድ ለማምጣት እስከ መናገሻ ደን ድረስ የሚኬድ ሆነ። ስለዚህ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው፣ አዲስ ዓለም በተባለው ስፍራ፣ ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ሐሳቡ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ፣ አንባቢ ሆይ፣ የእርስዎም መሥሪያ ቤት በዚያ በሆነ፤ ዛሬ የሚመላለሱበትም ጐዳና ምናልባት ጤፍ በተዘራበት ነበር።

ይህ ሳይሆን ቀረ። የውጭ አገር መልእክተኞች ቤት ሠርተው ነበርና መነሣቱን አልወደዱትም፤ ለአዲስ አበባም ብዙ ሀብት ፈስሶ ነበር። ለአዲስ ዓለም የታሰበው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ነገር ግን መልእክተኛም ቢሆን ያለ ማገዶ አይኖርም። ከተማውን በእርግጥ ያጸናው በ1880ዎቹ አጋማሽ ከውጭ ገብቶ የነበረው፣ አገሩ አውስትራልያ የሆነው ዛፍ ነው። ያመጣው ማን እንደ ሆነ ሲነገር ስሙ አንድ አይደለም፤ ብዙዎች ፈረንሳዊውን ሞንዶን ቪዳዬን ይጠቅሳሉ። ሕዝቡ ግን ስለ አምጪው ሳይጨነቅ ከባሕር ማዶ የመጣ ነውና «ባሕር ዛፍ» ብሎ ጠራው።

የዚህ ዛፍ ጠባይ አስገራሚ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ለቤት ምሰሶ ይደርሳል። በመጥረቢያ ሲቈረጥም አይሞትም፤ ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ያም አድጎ ይቈረጣል፤ እንደ ገና ያቈጠቍጣል። አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ልጁም ከዚያው ጉቶ ይቈርጣል። ጥድ ግን ለመቶ ዓመታት ይቆማል፤ ተቈርጦ የወደቀ ዕለት ነገሩ አበቃ፤ ጉቶው ልጅ አይወልድም። ስለዚህ የሚጸናው ሳይቈረጥ የሚቆመው ነው ወይስ ተቈርጦ የሚመለሰው? ለከተማችን መልሱን የሰጠው መጥረቢያ ነው።

ዋጋ ሳይከፈል ግን አልቀረም። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፤ ሥሩ ያለበት መሬት ለሌላ አዝመራ አይመችም። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ምንጮች ደረቁ ተብሎ ብዙው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ አልተፈጸመም። (ትእዛዝ ወጥቶ በመዝገብ መቅረቱ ለአንባቢዎቼ እንግዳ ነገር አይመስለኝም።) በእኔ አስተያየት በዚህ ጊዜ የነቀለው ቢኖር ኖሮ ከተማውንም አብሮ በነቀለው ነበር።

የጥዱ ነገር በዚህ አላለቀም። ከወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻን ደን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። ከዚያ ዘመን ወዲህ ስንቱ ድንኳን ተተክሎ ተነቅሏል፤ ደኑ ግን፣ ቢጎዳም፣ እስከ ዛሬ አለ። በዚያው ደን ውስጥ ቈይቶ በተተከለው ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ ማንም ሳይተክላቸው፣ የአገር በቀል ዛፎች ችግኞች ብቅ ሲሉ የደን ሊቃውንት ተመልክተዋል። የጥድንና የወይራን ፍሬ በልተው ዘሩን በየቦታው የሚጥሉት ወፎች ናቸው።