ዘመናዊው የአማርኛ ግጥምና የቅኔ ቤት ሥርዓት

ዘመናዊው የአማርኛ ግጥም ከትውፊት ተቆርጦ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው የሚል ነቀፋ አለ። ለነቀፋው መነሻ አልታጣለትም፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕልን በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሯል፤ ሰሎሞን ዴሬሳም በ1963 ዓ.ም. ባሳተመው «ልጅነት» ስንኝን ከተለመደው ልክ ፈትቶታል።

ነገር ግን የተፈታው የትኛው ልክ ነው? በተለይ የወል ቤት የሚባለው፥ 6 እና 6 ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች አንድ ስንኝ የሚሆኑበት ነው። ይህ የትውፊታችን አንዱ ክፍል እንጂ ሁለመናው አይደለም። ከጎኑ የግዕዝ ቅኔ አለ። ቅኔ ከ2 ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ 8 ቤቱ መወድስ ድረስ የቤቱ ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ምሥጢሩ ግን ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። ተማሪው የሌላውን ቅኔ ደግሞ ቢያሰማ ተቀኘ አይባልም። እንግዲህ አዲስነትም ሆነ የምሥጢር ጥልቀት ለትውፊቱ እንግዳ አይደሉም። የገብረ ክርስቶስ አባት አለቃ ደስታም የቤተ ክህነት ሰውና የብራና ጸሐፊ ነበሩ።

እውነተኛው ልዩነት ያለው በመፍቻው ላይ ነው። የቅኔ ሰምና ወርቅ የሚፈታው መምህሩም ተማሪውም በጋራ በሚያውቋቸው ቅዱሳት መጻሕፍትና ታሪክ ነው። ዘመናዊው ገጣሚ ግን ምሥጢሩን ብዙ ጊዜ ከራሱ ሕይወት ይቀዳል፤ ስለዚህ አንባቢው የጋራ ቁልፍ ያጣል። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚገባው ሐያሲ ነው፤ ሥራውም የቅኔ መምህር ሥራ ነው፤ ምሥጢሩን መርምሮ መንገዱን ማሳየት። ቅኔን ሳያውቁ በዘመናዊው ግጥም ላይ መፍረድ ግን አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ እንደ መፍረድ ይቆጠራል።