የማዕድኑ ዋጋና የውኃው ዕዳ
የበንከር ሂል የብር፣ የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ታሪክ

በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ በአይዳሆ ግዛት፣ በኮር ዳሌን ተራሮች መካከል ኬሎግ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። ከከተማይቱ አጠገብ በሚገኘው ተራራ ውስጥ በንከር ሂል የተባለ የብር፣ የእርሳስና የዚንክ ማዕድን አለ። በጥር 2022 አንድ ኩባንያ ይህን ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ የኖረ ማዕድን እንደገና ሥራ ለማስጀመር አስቦ በ7.7 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ የዋጋው ከፊል በጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉም በአክሲዮን የተከፈለ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይኸው ኩባንያ ከግዢው አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2018፣ ማዕድኑን ገና በኪራይ ይዞ ሳለ ሌላ ውል ፈርሞ ነበር። ከጉድጓዱ የሚወጣውን የተበከለ ውኃ መንግሥት ለረጅም ዘመን ሲያጣራ ላወጣው ወጪ 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እንግዲህ ብር፣ እርሳስና ዚንክ የያዘው ተራራ ከተሸጠበት ዋጋ ይልቅ ከሥሩ የሚፈሰው ውኃ ያስከተለው ዕዳ ከእጥፍ በላይ በልጦ ተገኘ ማለት ነው። ይህ ነገር እንግዳ ይምሰል እንጂ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሶ የማዕድኑን ሂሳብ ከመጀመሪያው መመርመር ያስፈልጋል።

አህያይቱና የመጀመሪያው አክሲዮን

በ1885 ኖህ ኬሎግ የተባለ ማዕድን ፈላጊ ሁለት የአካባቢው ሰዎች ስንቅና አንዲት አህያ ሰጥተውት ወደ ተራራው ወጣ። በአገሩ ሲነገር የኖረው አፈ ታሪክ እንደሚለው አህያይቱ ከሰፈሩ ጠፍታ ስትፈለግ በተራራው ጥግ ላይ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ እያየች ቆማ ተገኘች። የሚያብረቀርቀው ድንጋይ ጋሊና፣ ማለትም ብር ያዘለ የእርሳስ ማዕድን ነበር። ኬሎግ ግኝቱን ከሌሎች ሰዎች ጋር ሊያስመዘግብ ቢሞክርም ስንቅና አህያ የሰጡት ሰዎች ከሰሱት፤ ፍርድ ቤቱም ድርሻ እንዲያገኙ ወሰነ። በዚህ ማዕድን ላይ የዋለው የመጀመሪያው ካፒታል ጥቂት ስንቅና አንዲት አህያ መሆኑ፣ የመጀመሪያውም ክርክር በትርፍ ክፍፍል ላይ መነሣቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ሆኖም ተራራን በስንቅና በአህያ መቆፈር አይቻልም። በ1887 ሲሚየን ሪድ የተባሉ የፖርትላንድ ባለሀብት ይዞታውን ገዝተው የበንከር ሂልና ሰሊቫን ኩባንያን አቋቋሙ። በ1891 ደግሞ በማዕድን መሐንዲሱ በጆን ሄይስ ሃሞንድ የሚመራ ቡድን ኩባንያውን ተረከበ። ከዚያ ወዲህ ማዕድኑ በሩቅ ከተሞች የሚኖሩ፣ ጉድጓዱን ዐይተውት የማያውቁ ባለአክሲዮኖች ንብረት ሆነ።

በዚያ ዘመን ከጉድጓዱ የወጣው ድንጋይ ይፈጭና በውኃ እየታጠበ ከባዱ እርሳስ ከቀላሉ ድንጋይ ይለያል። ዚንክ ግን እንደ ጠላት ይታይ ነበር። በእርሳሱ ዱቄት ውስጥ ዚንክ የበዛ እንደሆነ ማቅለጫዎች ከዋጋው ይቀንሱ ስለነበር ዚንክ ያለበት ድንጋይ በተቻለ መጠን ሳይነካ ይቀራል፤ ተፈጭቶ ከተገኘም ከአተላው ጋር ይጣላል። አተላውም በአቅራቢያው ወደሚያልፈው ወንዝ ይለቀቅ ነበር። የኮር ዳሌን ማዕድኖች አተላቸውን በወንዙ ላይ መልቀቅ ፈጽመው ያቆሙት በ1968 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቶን ብረት አዘል ደለል ወደ ታችኛው ሸለቆ ወርዷል። ይህ ሁሉ በየትኛውም ዓመታዊ የሂሳብ መግለጫ ላይ እንደ ወጪ አልተመዘገበም።

ከሠራተኞች ጋር የነበረው ግንኙነትም ሰላም አልነበረበትም። ኩባንያው በአካባቢው ከሚገኙት ማዕድኖች ያነሰ ደመወዝ ከመክፈሉም በላይ የሠራተኛውን ማኅበር አላውቅም አለ። ሚያዝያ 29 ቀን 1899 አንድ ሺህ ያህል ሠራተኞች ባቡር በኃይል ይዘው መጡና ከ13 ኩንታል በላይ በሆነ ድማሚት የኩባንያውን የማዕድን ማጣሪያ ፋብሪካ አጋዩት። የወታደር አስተዳደር ታወጀ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችም ያለ ፍርድ በአጥር ውስጥ ታሠሩ። ማጣሪያው ግን ወዲያው እንደገና ተሠራ፤ ባለአክሲዮኖችም ትርፋቸውን መቀበል ቀጠሉ።

አጎት በንከር

ሃያኛው ክፍለ ዘመን የማዕድኑ የብልጽግና ዘመን ነበር። በ1917 የእርሳስ ማቅለጫ ሥራ ጀመረ። የማዕድን ዱቄትን በአረፋ ላይ አንሳፎ የመለየት ዘዴ እየተስፋፋ በመሄዱም ቀድሞ ይጣል የነበረው ዚንክ ዋጋ አገኘ፤ በ1928 በኤሌክትሪክ ኃይል ዚንክ የሚያወጣ ፋብሪካ ተከፈተ። ተራራውን ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሰርስሮ የሚገባው የኬሎግ ቶኔል ማዕድኑን ከሥር ለማውጣትና ውኃውንም ለማፍሰስ አመቸ። በተራራው ሆድ ውስጥ የተቆፈሩት መተላለፊያዎች ርዝመት በጠቅላላው ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሆነ።

በዘመኑ ሁሉ ከበንከር ሂል ወደ 35 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ድንጋይ ወጥቶ ከ160 ሚሊዮን አውንስ በላይ ብር፣ ወደ 3 ሚሊዮን ቶን እርሳስና ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ዚንክ ተገኝቶበታል። የኬሎግ ሕዝብ ኩባንያውን «አጎት በንከር» እያለ ይጠራው ነበር። ሥራ የሚሰጥ፣ ከተማውን የሚያቆም፣ የሚቆጣም የሚያባብልም እርሱ ነበርና።

በ1968 መቀመጫው በሂዩስተን ከተማ የሆነ ገልፍ ሪሶርስስ የተባለ ኩባንያ አክሲዮኖቹን ገዝቶ በንከር ሂልን ጠቀለለ። በመስከረም 1973 በእርሳስ ማቅለጫው ውስጥ እሳት ተነሥቶ ከጭሱ የእርሳስ ብናኝ የሚይዙት የከረጢት ማጣሪያዎች ከፊላቸው ተቃጠሉ። ለአንድ መሐንዲስ በዚህ ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ማጣሪያው እስኪጠገን ምርቱ ይቁም ወይስ ጭሱ ሳይጣራ ይውጣ? በወቅቱ የእርሳስ ዋጋ ከፍ ብሎ ነበር። ምርቱ ቀጠለ፤ በቂ ማጣሪያ ያላገኘው ጭስም ለብዙ ወራት በሸለቆው ላይ ሲወርድ ቆየ።

በ1974 የአካባቢው ሕፃናት ደም ሲመረመር ከማቅለጫው በአንድ ማይል ርቀት ውስጥ ከሚኖሩት ከመቶ ዘጠና ስምንት ያህሉ በአንድ መቶ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 40 ማይክሮ ግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ተገኘባቸው። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በ2021 ለሕፃናት ያወጣው የማስጠንቀቂያ መጠን 3.5 ማይክሮ ግራም መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው የጉዳቱ ጥልቀት ይገባዋል። በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ወቅት ይፋ የሆነ አንድ የኩባንያው የውስጥ ማስታወሻ ከሁሉም የባሰ ነገር ገለጠ። በቴክሳስ ከደረሰ ተመሳሳይ ጉዳይ በመነሣት ለአምስት መቶ የኬሎግ ሕፃናት ሊከፈል የሚችለው ካሣ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል ተብሎ ተሰልቶ ነበር። ስሌቱ በቁጥር ረገድ የተሟላ ነው፤ ጉድለቱ ሕፃናቱ የተቆጠሩበት ዓምድ ነው።

በ1977 ኩባንያው 218 እና 186 ሜትር ከፍታ ያላቸው ሁለት ታላላቅ የጭስ ማውጫዎች አቆመ። እነዚህም ጭሱን ከምንጩ ለማስቀረት ሳይሆን ርቆ እንዲበተን ለማድረግ የታሰቡ ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1981፣ ኩባንያው ሥራውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞችም እንጀራቸውን አጡ። በ1983 አካባቢው ብርቱ ብክለት የደረሰባቸው ሥፍራዎች በሚጸዱበት ሱፐርፈንድ በተባለው የፌዴራል መርሐ ግብር መዝገብ ውስጥ ገባ። በሺህ በሚቆጠሩ ቤቶች ግቢ የነበረው አፈር ተቆፍሮ ተለወጠ፤ የሕፃናቱም ደም ቀስ በቀስ ጠራ። ገልፍ ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኪሳራ በማወጁ የጽዳቱ አብዛኛው ወጪ በመንግሥት ላይ ወደቀ። ሁለቱ የጭስ ማውጫዎችም በግንቦት 1996 በፈንጂ ወደቁ።

የማያቋርጠው ውኃ

ጭሱ ፋብሪካው ሲዘጋ ቆመ። ውኃው ግን አልቆመም። የዚህን ምክንያት በጥቂቱ ማብራራት ይገባል።

በተራራው ውስጥ ከእርሳሱና ከዚንኩ ጋር ፓይራይት የተባለ የብረትና የድኝ ድንጋይ በብዛት ይገኛል። ድንጋዩ በተፈጥሮ ቦታው ተዳፍኖ እስካለ ድረስ ጉዳት የለውም። ሰው ሲቦረቡረው ግን አየርና ውኃ ይደርሱታል፤ ከእነዚህ ጋር ሲገናኝ፣ ረቂቃን ባክቴሪያዎችም ሲያፋጥኑት፣ የድኝ አሲድ ይፈጥራል። አሲዱ ደግሞ ዚንኩን፣ ካድሚየሙንና ሌሎቹን ብረታ ብረቶች እያሟሟ ይዞ ይወርዳል። በበንከር ሂል የላይኛው ክፍል ብዙ ድንጋይ የወጣባቸው ሰፋፊ ባዶ ቦታዎች ስላሉ የሚሎ ጅረት ውኃ በስንጥቁ እየሰረገ ይገባባቸዋል። በጸደይ ወራት በረዶው ሲቀልጥ የውኃው መጠን ብዙ እጥፍ ይጨምራል።

በኬሎግ ቶኔል በኩል የሚወጣው ይህ ውኃ በአማካይ በየደቂቃው 5 ሺህ ሊትር ገደማ ነው። በ1974 በተሠራው ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ኖራ ይጨመርበታል፤ አሲዱ ሲበርድ የሟሟው ብረት ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ውኃውም ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ዘዴው ቀላልና የተፈተነ ነው። ነገር ግን ኖራው በየቀኑ መገዛት፣ ዝቃጩም በየጊዜው የሚቀመጥበት ቦታ ማግኘት አለበት። ማዕድኑ ትርፍ ቢያስገኝም ባያስገኝም፣ የብር ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም ጣቢያው ሊያርፍ አይችልም። ኩባንያው በኪሳራ ሲፈርስ ይህ ሥራ የመንግሥት ሸክም ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለእንደዚህ ያለው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ጊዜ የከሸፈው ሙከራ

በንከር ሂልን እንደገና ለመክፈት የታሰበው በቅርብ ጊዜ ብቻ አይደለም። በ1988 ማዕድኑ ሥራ ጀምሮ ነበር። የብረታ ብረት ዋጋ በመውረዱ ግን በ1991 መጀመሪያ ላይ ተዘጋ። የታችኛውን ክፍል የሚያደርቁት ፓምፖች ሲቆሙ ውኃው ደረጃ በደረጃ እየወጣ ጥልቁን ክፍል ዋጠው። ያ ሙከራ ሁለት ነገር አስተማረ። አንደኛው ማዕድኑ ገና አለማለቁ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የማዕድኑ መኖር ብቻውን ሥራውን ሊያቆመው አለመቻሉ ነው፤ ምክንያቱም ዋጋው የሚወሰነው ከተራራው ውጭ፣ በሩቅ ገበያ ነው፤ ወጪው ግን በተራራው ውስጥ ቋሚ ሆኖ ይኖራል።

በ2022 ባለቤት የሆነው ኩባንያ ይህን ሳያውቅ የገባ አይመስልም። ቀድሞ እንደ ጠላት ይታይ የነበረውን ዚንክ ከዋነኞቹ ምርቶች አንዱ አድርጎ አቅዷል። አዲስ ማጣሪያ ፋብሪካ ከመግዛት ይልቅ በአጎራባቹ በዋሽንግተን ግዛት ከተዘጋ ማዕድን ያገለገሉ መሣሪያዎችን ገዝቷል። አተላውን ወደ ወንዝ ሳይሆን በተቦረቦሩት ጉድጓዶች ውስጥ መልሶ ለመሙላት አስቧል። ገንዘቡንም ያገኘው አክሲዮን በመሸጥ ብቻ አይደለም። በ2023 አንድ የገንዘብ ተቋም 46 ሚሊዮን ዶላር በቅድሚያ ሰጥቶ በምላሹ ወደፊት ከሚወጣው ብረት ድርሻ እንዲያገኝ ተዋውሏል። እንዲህ ያለው ውል ያለ ገንዘብ ለቆመ ማዕድን ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ ገና ከመሬት ያልወጣን ብረት አስቀድሞ መሸጥ እንደሆነ መዘንጋት የለበትም፤ ተራው ባለአክሲዮን የሚካፈለው ከዚህ ድርሻና ከዕዳው ሁሉ የተረፈውን ነው። በመጀመሪያ ለ2023 መጨረሻ ታቅዶ የነበረው የምርት መጀመሪያም ጊዜው ተላልፏል። ይህ በአሮጌ ማዕድኖች ላይ ዘወትር የሚደርስ ነው፤ የተዘጋ ጉድጓድ ሲከፈት የሚገኘው በአሮጌው ካርታ ላይ የተሣለው ብቻ አይደለምና።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

የተዘጋ ማዕድን ለገንዘብ አዋይ ብዙ የሚማርክ ነገር አለው። ቶኔሉ ተቆፍሮ ይገኛል፤ መንገዱና የኤሌክትሪክ መስመሩ ተዘርግቷል፤ የመቶ ዓመት የቁፋሮ መዝገብና ካርታ አለ። አዲስ ማዕድን ለመፈለግ የሚጠፋው ጊዜና ገንዘብ ይቀራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሣሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ እንደቀረው በሬ ላለመሆን፣ ቶኔሉን የወረሰ ሰው በቶኔሉ የሚወርደውንም ውኃ አብሮ እንደወረሰ ማወቅ አለበት።

ስለዚህ እንዲህ ላለው ሥራ የጥናት ሰነድ የሚያዘጋጅ መሐንዲስ በማዕድኑ መጠንና በገበያው ዋጋ ላይ ብቻ ሊያተኩር አይገባውም። ውኃው ማዕድኑ ካለቀ በኋላ ለስንት ዓመት እንደሚፈስ፣ ኖራው በማን ገንዘብ እንደሚገዛ፣ የብር ዋጋ በወረደ ጊዜ ማጣሪያውን ማን እንደሚያስኬድና ለዚህም የተቀመጠ ዋስትና መኖሩን በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል። በበንከር ሂል እነዚህ ጥያቄዎች ከብዙ ዘመን በኋላ መልስ ማግኘት የጀመሩት በ2018ቱ ውል ነው፤ ለአሮጌው ወጪ 20 ሚሊዮን ዶላር ሲመደብ፣ ለየወሩም የማጣሪያ ሥራ ክፍያ ተወስኗል። ዕዳው ከበደ ተብሎ የሚታዘንበት ጉዳይ አይደለም። ዕዳው ዱሮም ነበረ፤ የተለየው ነገር አሁን በመዝገብ ላይ መስፈሩ ነው።

በ1973 የተሠራው ስሌት ጭሱን እንጂ ሕፃናቱን ነፃ አላወጣም፤ በወንዙ ላይ የተለቀቀው አተላም ከሸለቆው አልጠፋም። የማዕድን ሥራ ወጪ በመዝገብ ላይ ባይጻፍ አንድ ሰው ሳይከፍለው አይቀርም። ልዩነቱ ከፋዩ ማን ነው የሚለው ብቻ ነው፤ ትርፉን የተካፈለው ባለአክሲዮን ወይስ ከማቅለጫው በአንድ ማይል ርቀት ውስጥ የተወለደው ሕፃን።